የሐበሾች ደሴት

ጀልባው ሞተር የለውም፤ በሸራ ነው የሚሄደው። ሠላሳ ምናምን ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይቀመጣል፣ ሁለት ቀጫጭን ጎረምሶች ገመድ ይጎትታሉ፤ ነፋስ ሲመጣ ይሄዳል፣ ነፋስ ሲቀር ይጠበቃል። እኔ የደጋ ሰው ነኝ። ዕድሜ ልኬን የማውቀው ትልቁ ውኃ ላንጋኖ ነው፤ እሱንም ዳር ተቀምጬ ዓሣ በላሁ እንጂ ገብቼበት አላውቅም። ስለዚህ መንገዱን ሁሉ የጀልባውን ጠርዝ ጥርቅም አድርጌ ይዤ፣ ዓይኔን ፊት ለፊት በቆመው ጥቁር ግንብ ላይ ተክዬ ነው የተጓዝኩት።

ግንቡ ከባሕሩ መሐል የበቀለ ይመስላል። ደሴት ላይ ነው የተሠራው፤ ደሴቱ ግን አይታይም። ውኃው ያበቃል፣ ድንጋዩ ይጀምራል። ጃንጂራ ይሉታል። ስሙ «ጀዚራ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው፤ ደሴት ማለት ነው። ቦታው በሕንድ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በማሃራሽትራ ግዛት፣ ከሙምባይ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሙሩድ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ነው።

እዚያ ምን ልሠራ ሄድኩ? ማስተማሩን ከተውኩ ቆየሁ፤ ተማሪዎቼ ግን እኔን አልተዉኝም። አንዷ ፑኔ ከተማ የዶክትሬት ትምህርቷን እየተማረች ነው። ለአንድ የሥነ ጽሑፍ ጉባኤ ወደዚያ መሄዴን ስትሰማ ደወለች። «ጋሼ፣ ሕንድ ድረስ መጥተው ቤተ መጻሕፍት ብቻ ዐይተው ከተመለሱ እቀየምዎታለሁ። ሐበሾች የገዙትን ምሽግ ላሳይዎት» አለችኝ። እምቢ የሚባል ግብዣ አይደለም።

የኔ ዕድሜ ሰው ከሕንድ ጋር የቆየ ሒሳብ አለው። ሒሳቡን ራሱን ያስተማሩን ሕንዶች ናቸው። ጠመኔ በነካው ኮታቸው፣ ፊደል በሚያንከባልል እንግሊዝኛቸው፣ አልጀብራና ፊዚክስ ያስጨበጡን እነሱ ነበሩ። ታዲያ ከነዚያ ሁሉ መምህራን አንዱም «ከናንተ አገር የመጡ ሰዎች እኛ አገር ምሽግ ነበራቸው» ብሎን አያውቅም። የኛም የታሪክ መጽሐፍ አላለንም። እነሱ ሳያውቁት ቀርተው ይሆናል። እኛስ?

በሩ ከሩቅ አይታይም። ጀልባው ግንቡን ተጠግቶ «አሁን ሊጋጭ ነው» ብዬ ዓይኔን ስጨፍን ነው ሁለት ክብ ማማዎች መሐል ተደብቆ የተገኘው። ጠላት መርከቡን በየት በኩል እንደሚያስገባ እንዳያውቅ ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ አንድ አውሬ ተቀርጿል፤ አንበሳም ነብርም ይመስላል። በጥፍሮቹ ዝሆኖች ጨብጧል። ዝሆኖቹ እንደ ቡችላ ነው የሚያካክሉት። የቀራጩን መልእክት ለመረዳት የሥነ ጽሑፍ መምህር መሆን አያስፈልግም።

አስጎብኚያችን ጎልማሳ ነው፤ ሁሉን ነገር ያውቃል፤ የማያውቀውንም ያውቃል። ተማሪዬ እየተረጎመችልኝ ሰማሁት። መጀመሪያ ላይ፣ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ እዚያ የነበረው የዓሣ አጥማጆች አለቃ የሠራው የእንጨት ምሽግ ነበር አለን። ከዚያ የአሕመድናጋር ሱልጣን የላከው ሰው ነጋዴ መስሎ መጣ፤ «ማዕበል ያዘኝ፣ አሳድሩኝ» ብሎ ለመነ፤ በምስጋና ስም የወይን ጠጅ አቀረበ። ጠባቂዎቹ ሲሰክሩ በርሜሎቹ ውስጥ ተደብቀው የነበሩ ወታደሮች ወጡ። የትሮይን ፈረስ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ በበርሜል ተገልብጦ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ እንደማገኘው ግን አልጠበቅኩም። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፤ ጥሩ ተረት አገር አይመርጥም።

ድንጋዩን ሁሉ ያሠራው ማሊክ አምባር ነው አለ አስጎብኚው። ይኼኛው ላይ አልተስማማሁም። የድንጋዩ ሥራ በ16ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ በአሕመድናጋር ሱልጣኖች ጊዜ የተጀመረ ነው፤ ያኔ አምባር ስሙ የሚሰማ ሰው አልነበረም። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጁ አቆጣጠር ነው፤ በኛ መመለስ የፈለገ ሰባት ወይም ስምንት ይቀንስ።) ግን ሰው ታላቅ ሲሆን የሌላውም ድንጋይ ይቆጠርለታል።

ማሊክ አምባር ማነው ለሚል አንባቢ ትንሽ ላውጋ። የተወለደው በ1548 ገደማ በኛ ምድር ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ሐረር አካባቢ ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከምባታ። ሰነዶቹ የልጅነት ስሙን «ቻፑ» ብለው ይጽፉታል። በልጅነቱ ተሸጠ። በየመኗ ሞካ ወደብ አለፈ፣ ባግዳድ ተሸጠ፣ እዚያ ተማረ፣ ሰለመ፣ «አምባር» የሚል ስም ወጣለት። በኛ አምባር የእጅ ጌጥ ነው፤ በዐረብኛው ግን ዐንበር የሚባለው ሽቶ ነው። ያን ጊዜ ባሪያን በከበረ ነገር ስም መጥራት የተለመደ ነበር፤ ያቁት፣ ካፉር፣ ዐንበር ይሏቸዋል፤ ዕንቁ፣ ከረጢት ሙሉ ሽቶ እንደማለት። ስሙ የዕቃ ስም መሆኑን ልብ በሉ።

ከባግዳድ ወደ ደካን አምባ ተሻገረ። የገዛው የአሕመድናጋር ጠቅላይ ሹም ቼንጊዝ ኻን ነው። እሱ ራሱ የቀድሞ ባሪያና ሐበሻ ነበር፤ አንድ ሺህ ያህል ሐበሾችም ነበሩት ይባላል። ጌታው ሲሞት አምባር ነፃ ወጣ። ጥቂት ፈረሰኞች ሰብስቦ የሎሌነት ኑሮ ጀመረ። በ1600 የሞጉል ጦር አሕመድናጋርን ሲይዝ፣ አምባር ከንጉሣዊው ቤተሰብ አንድ ልጅ ፈልጎ ዙፋን ላይ አስቀመጠና በስሙ ገዛ። በዚያ ዘመን ያለፈ አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ እንደጻፈው ከሥሩ አሥር ሺህ ሐበሾችና አርባ ሺህ የደካን ሰዎች ነበሩ። ሞጉሎቹን ፊት ለፊት ሳይሆን በደፈጣ፣ ስንቅ እየቆረጠ፣ ሌሊት እየመታ አደከማቸው። ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር በጣም ከመናደዱ የተነሳ የአምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል ተሥሎለታል። በሥዕል ብቻ። በእውኑማ አልያዘውም፤ አምባር በ1626 በእርጅና ነው የሞተው።

በ1610 የመሠረታት ከተማ ዛሬም አለች። ኻድኪ ትባል በነበረችው መንደር ላይ ነው የቆረቆራት፤ በኋላ አውራንጋባድ ሆነች። ያስገባላት የመሬት ውስጥ የውኃ ቦይ «የአምባር ቦይ» እየተባለ ለብዙ ትውልድ አገልግሏል።

ወደ ግንቡ ልመለስ። ጃንጂራን የያዙት ሐበሾች «ሲዲ» ይባላሉ። መርከበኞች ነበሩ። አሕመድናጋር ስትጠፋ ለቢጃፑር አደሩ፣ ከዚያ ለሞጉሎቹ። የመካ ተሳላሚዎችን መርከብ ያጅቡ ነበር። በዚያው ዘመን ማራታዎች ተነሱ፤ መሪያቸው ሺቫጂ ዛሬ በማሃራሽትራ ሐውልቱ የሌለበት አደባባይ ያለ አይመስለኝም። እዚህ ላይ ታሪክ ትቀልዳለች። የሺቫጂ አያት የአምባር ጦር አለቃ ነበር፤ አባቱም በ1624 ባትቫዲ ላይ ከአምባር ጎን ተሰልፎ ተዋግቷል። ማራታዎች ሞጉልን ያንበረከኩበትን የደፈጣ ውጊያ ከሐበሻው ነው የተማሩት የሚሉ የታሪክ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ያን ሁሉ ተምሮ ያደገው ሺቫጂ ግን ጃንጂራን ደጋግሞ ሞክሮ አልቻለም። በ1670 ግድም የምሽጉ አለቃ ሊያስረክብ ሲል ሦስት ሲዲዎች አሠሩትና ምሽጉን አተረፉት። ልጁ ሳምባጂ በ1682 ሌላ ብልሃት መጣለት። በመርከብ ካልሆነ በእግር ብሎ ባሕሩን በድንጋይ ይሞላ ጀመር! ከየብስ እስከ ግንቡ መንገድ ሊሠራ። ጀምሮት ሳለ የሞጉል ጦር ከኋላ መጣበትና ትቶት ሄደ።

እንግሊዞችም ቀምሰዋል። በ1689 ሲዲ ያቁት ቦምቤይ ላይ ወረደ፤ የኢስት ኢንዲያ ኩባንያ ሰዎችን ምሽጋቸው ውስጥ ዘግቶ አስቀመጣቸው፤ በ1690 የወጣው ኩባንያው ለንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ ካሳ ከፍሎ ይቅርታ ከለመነ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ሕንድን የገዙትን ሰዎች ነው የምነግራችሁ። የጃንጂራ ነዋብ አገዛዝ እስከ 1948፣ ከነፃዪቱ ሕንድ ጋር እስኪቀላቀል ድረስ፣ ቆይቷል።

አስጎብኚው ይኼን ሲተርክ እኔ ምን እየሆንኩ እንደነበር ልናዘዝ። ደረቴ እየተነፋ ነበር። ግንቡ ላይ ወጥተን ከሦስቱ ታላላቅ መድፎች አንዱ፣ ካላል ባንግዲ የሚሉት፣ አጠገብ ቆመናል። «ይህ መድፍ እኩለ ቀን ፀሐይም አያግለው» አለ አስጎብኚው። እጄን አሳረፍኩበት። ይግላል። ግን ምንም አላልኩም፤ ሰውየው በሐበሻ መድፍ ሲኮራ እኔ ምን ቤት ነኝ የማርመው? ይልቅ ወደ ተማሪዬ ዞሬ፣ «አየሽ የኛ ሰዎች የሠሩትን!» አልኳት።

ዝም አለች። ባሕሩን ታይ ነበር።

ምሽጉ ውስጥ አሁን ማንም አይኖርም። የባለ ብዙ ፎቁ ቤት ጣሪያ የለውም፤ በመስኮቶቹ ሰማይ ይታያል፣ በግድግዳው ስንጥቅ ዛፍ ሥር ሰዷል። ከሁሉ የገረመኝ ኩሬው ነው። ጨው ባሕር መሐል ሁለት ጣፋጭ ውኃ የሚይዙ ትላልቅ ኩሬዎች አሉ፤ ዙሪያቸውን በድንጋይ ደረጃ የተሠሩ። ከበባ የማይፈታቸው ለዚህ ነበር። አሁን ውኃው አረንጓዴ ሆኗል። ደረጃው ላይ ተቀመጥን፤ ጉልበቴም ዕረፍት ፈልጎ ነበር።

«ጋሼ» አለችኝ፤ «እዚህ አገር ሐብሺ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?»

«ሐበሻ ነዋ።»

«ስድብ ነው። ፑኔ ውስጥ ባስ ስጠብቅ ነው የሚሉኝ። ጥቁር ለማለት ነው፤ ባሪያ ለማለትም ነው። መጀመሪያ ሰሞን ‘ሐበሻ’ ያሉኝ መስሎኝ ፈገግ ብዬ እጅ እነሳ ነበር።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። በዴልሂ «ሐብሺ ሐልዋ» የሚባል ጠቆር ያለ ጣፋጭ እንደሚሸጥ አንብቤ ነበርና እሱን ነገርኳት፤ ነገሩን ለማቅለል ያህል። የኔ ነገር! አስተማሪ ሰው ሲጨንቀው መረጃ ይሰጣል። ቀጠልኩም፤ ዛሬ በጉጃራትና በካርናታካ የሚኖሩት ሲዲዎች አብዛኞቹ ከኛ አገር ሳይሆን ከደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ሰዎች ዘሮች መሆናቸውን የዘር ጥናቶች ያሳያሉ አልኳት። ሐብሺ የሚለው ስም የተሰጠው ባሕር ለተሻገረ ጥቁር ሁሉ ነው።

«አዎ፣ ገባኝ» አለች። «ቅድም ‘የኛ ሰዎች’ ሲሉኝ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት ፈልጌ ነው። እኔ የከምባታ ልጅ እንደሆንኩ ያውቃሉ አይደል?»

ማወቁን አውቃለሁ። ዩኒቨርሲቲ የመጣች ሰሞን ከዱራሜ መሆኗን ነግራኛለች።

«ማሊክ አምባር የከምባታ ልጅ ከሆነ፣ ሲሸጥ ሐበሻ ነበር እንዴ? አገሩ ላይ ሐበሻ ያለው ሰው ነበር? ሐበሻ የሆነው ባሕሩን ሲሻገር ነው። ታዲያ የሸጡትስ? እነሱ ነበሩ ሐበሾቹ?»

ምን ልበል? ነገሩን አላውቀውም እንዳልል አውቀዋለሁ። በ1520 ወደ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ስለ ዳሞት ባሪያዎች ጽፏል፤ ዐረቢያ፣ ፋርስ፣ ሕንድና ግብፅ በነሱ የተሞሉ መሆናቸውን፣ ገዢዎቹ እንደሚሳሱላቸው፣ ወደር የሌላቸው ተዋጊዎች እንደሚሆኑ። ከደቡብና ከምዕራብ የተማረከው በነጋዴ እጅ ወደ ዘይላና ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር፤ በለውጡም የሕንድ ጨርቅ ይወጣል። ነጋዴው ብዙውን ጊዜ እስላም ነው፤ ይኼን ስንናገር ድምፃችን ከፍ ይላል። የማራኪው ጦር የማን እንደነበረ ስንናገር ግን ዝቅ ይላል። ፍትሐ ነገሥቱም ቢሆን የጦር ምርኮኛን ባሪያ ማድረግን ያውቃል። ባርነት በአዋጅ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ1942 ነው፤ የአያቶቻችን ዘመን ሳይሆን የአባቶቻችን።

ይኼን ሁሉ አውቃለሁ፤ ክፍል ውስጥም ሳልናገረው አልቀረሁም። ግን ያን ሰዓት፣ ኩሬው ዳር፣ «የኛ ሰዎች» ያልኩት አፌ ውስጥ እንደ አሸዋ ቆረቆረኝ። ሲያሸንፉ የኛ ናቸው፤ ሲሸጡ የማን ነበሩ?

እሷም ብትሆን ሲዲዎቹን መላእክት አላደረገቻቸውም። በማራታ ጠረፍ መንደሮች እየወረሩ ሰው ማርከው ይሸጡ እንደነበር የነገረችኝ እሷ ናት። «የተሸጠ ሰው መሸጥን ይማራል» አለች። የአምባርንም ሴት ልጅ ነገር ታውቃለች። አምባር ልጁን ዙፋን ላይ ላስቀመጠው ሱልጣን ድሮለት ነበር። የሱልጣኑ ሌላዋ ሚስት፣ ፋርሳዊቷ፣ በጠብ መሐል «አንቺ ባሪያ» አለቻት። ልጅቷ ላባቷ ተናገረች። ታሪክ ጸሐፊዎቹ እንደሚሉት አምባር በ1610 ሱልጣኑንም ሚስቱንም በመርዝ አስገደላቸው። ሃምሳ ሺህ ጦር ያለው ሰው ልጅም ከዚያች ቃል አላመለጠችም።

«ግን ይኼን ግንብ እወደዋለሁ» አለችኝ። «ሲከፋኝ እመጣለሁ። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው።»

በ2025 ዩኔስኮ «የማራታ ወታደራዊ ገጽታዎች» ብሎ አሥራ ሁለት ምሽጎችን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል፤ ጃንጂራ የለበትም። የማራታ አልነበረማ፤ በዚህ ማንንም መውቀስ አይቻልም። አምባር የቆረቆራት አውራንጋባድም በ2023 ስሟ ተቀይሮ በዚያው በሳምባጂ ስም ተጠርታለች፤ ባሕሩን በድንጋይ ሊሞላ በነበረው። እነሱም እንደኛው ናቸው። የኛ የሚሉትን ይመርጣሉ።

የጀልባው ልጅ ጮኸ። ለጉብኝት የሚሰጡት ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ የቀረ ሰው የሚቀጥለውን ጀልባ ይጠብቃል። ወረድን። ስንመለስ ነፋሱ ቀጥ አለና ባሕሩ ላይ ቆምን። በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ለማንም ነግሬ የማላውቀውን የነገርኳት።

ሰሜን ሸዋ፣ አያቴ ቤት፣ አንዲት አሮጊት ነበሩ። እህል የሚፈጩት፣ ውኃ የሚቀዱት፣ እኛን የሚያጥቡን እሳቸው ናቸው። እኛ ልጆቹ «እማማ» እንላቸዋለን፤ ትልልቆቹ ግን «አንቺ» ነበር የሚሏቸው፤ ካያቴ በዕድሜ ቢበልጡም። ከእኛ ጋር ገበታ አይቀርቡም። «ከየት መጡ?» ብዬ አንድ ጊዜ ጠይቄ «ከደቡብ በልጅነቷ መጣች» ተባልኩ፤ እንደ ዝናብ፣ በራሷ የመጣች ይመስል። ሲሞቱ አሥር ዓመቴ ነው። መቃብራቸው ከቤተሰቡ መቃብር ራቅ ብሎ ነበር።

ተማሪዬ ሰማችኝ። አልተቆጣችም፤ አላጽናናችኝምም።

«ስማቸው ማን ነበር?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«እሱማ የክርስትና ስማቸው ነው» አለች።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ታላቅ እህቴን ጠየቅኋት፤ አታውቅም። ከዚያ ቤት በሕይወት የቀሩት አንዲት አክስቴ ናቸው፤ ዘጠና ሊሞላቸው ነው። ደወልኩላቸው። ጤና ተጠያየቅን፣ ዝናቡን ተጨዋወትን፣ ከዚያ የእማማን የመጀመሪያ ስም ያውቁ እንደሆን ጠየቅኋቸው። ብዙ ዝም አሉ፤ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እሱን ደሞ ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ።